የአዋላጇ ሳጥን

ሰኞ፣ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ለልኬት ነበር። ከፊት በኩል ቁጥር ሞልቶታል፤ ከኋላ በኩል ደግሞ የራሴን ወሬ ልሞላበት ነው። ባለቤቴ "ከራስህ ጋር ከምታወራ ለምን አትጽፈውም?" ካለችኝ ሰንብታለች። ስሠራ ከንፈሬ እንደሚንቀሳቀስ እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ነበር።

ዛሬ የአዋላጇን ሳጥን ጀመርኩ። እትዬ አዋላጅ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሁለቱንም ልጆቼን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ ከሰፈሩ ሰው ግማሹ መጀመሪያ ያየው የእሳቸውን ፊት ነው። ስለዚህ እሳቸው ስለ አንድ ሰው አንድ ነገር ከተናገሩ የሚጠራጠር የለም። የሚፈልጉት ብርድ ልብሳቸውን፣ ወረቀታቸውንና የእናታቸውን ልብስ የሚይዝ ትልቅ ሳጥን ነው። "ስሞት ልጆቼ የሚጣሉበት ዓይነት አድርጋችሁ ሥሩት" አሉን።

እንጨቱን የመረጠው እንደ ወትሮው ጋሼ ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጋሼ እያልኩ አደግኩ፤ አርባ አንድ ዓመት ሞልቶኝም ሌላ አጠራር አላወጣሁለትም። በአባታችን ወርክሾፕ ውስጥ ሥራችን የተከፈለ ነው፤ እንጨት መምረጥ የእሱ፣ መገጣጠም የእኔ። ጣውላ ሲመርጥ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮውን ይጥላል። ሰፈሩ "ሐኪሙ" ይለዋል። ጠረጴዛ የሚያዝዙ ሰዎች ሁሉ "ሐኪሙ አይቶታል?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ማን እንደገጣጠመው የጠየቀ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

በጓሮው ጣሪያ ሥር አባታችን ከአንድ ትልቅ ዛፍ አስሰንጥቆ የከመረው ጣውላ አለ። በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት አድርጎ ነው የከመረው። አሥራ ስድስት ዓመት ደርቋል። እሱ ከሞተ ወዲህ ጋሼ ከዚያ ክምር የሚያወጣው ለትልቅ ሥራ ብቻ ነው፤ ሲያወጣም ፊቱ ይጨማደዳል። ለሳጥኑ ፓነሎች ስድስት ጣውላ ቆጥሮ ሰጠኝ። "ይበቃሃል። ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ፤ አታበላሽ" አለኝ። እንደ ልጅ።

ረቡዕ፣ 5

ፍሬሞቹን ስቆርጥ ዋልኩ። ነገሩ ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። አራት እንጨት በአራት ማዕዘን ይገጠማል፤ በውስጥ ጠርዛቸው ዙሪያውን ቦይ ይወጣላቸዋል፤ መሃሉን የሚሸፍነው ሰፊ ጣውላ፣ ፓነሉ፣ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ፍሬሙ በማዕዘኖቹ ላይ ኮላ ይቀባል። ፓነሉን ግን ኮላም ምስማርም አይነካውም። እንጨት በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይከሳል፤ ቦዩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚልበት ቦታ ካጣ ራሱን ሰንጥቆ ያርፋል። ይህን በዘጠኝ ዓመቴ የተማርኩት ነው፤ ተኝቼም አልስተውም።

ቅዳሜ፣ 8

በችኮላ። ፓነሎቹ ሰባቱም አለቁ። ፊት ሁለት፣ ኋላ ሁለት፣ ጎንና ጎን አንድ አንድ፣ ክዳኑ ላይ አንድ። በያጁ ከጎረቤት መጥቶ ሲያስቀኝ ነው የዋለው፤ ይህ ሰው ብረት ከሚበይድ ወሬ ቢበይድ ያዋጣው ነበር። ቀሪውን ነገ።

እሑድ፣ 9

ቀሪው ይኸው። የፓነሎቹን ጠርዝ ያሳሳሁት ስምንት ሚሊ እስኪቀር ነው። የቦዩ ስፋት ግን አሥር ሚሊ ነው። መለኪያው ባለፈው ሳምንት ከሠራሁት ቁምሳጥን ወዲህ ስምንት ላይ እንደተቆለፈ ነበር፤ ሳላየው ሰባቱንም አሳሳኋቸው። የመጀመሪያውን ፓነል ቦዩ ውስጥ ከትቶ መሞከር ጀማሪ እንኳ የማይረሳው ነገር ነው። አልሞከርኩም። እየሳቅኩ ነበር።

ዛሬ ወርክሾፑ ዝግ ስለሆነ ብቻዬን ገብቼ ገጠምኳቸው። ሰባቱም ይንቀጫቀጫሉ። የሚገባው አዲስ መቁረጥ ነው። አዲስ ለመቁረጥ ደግሞ ጋሼን ሌላ ጣውላ መጠየቅ አለብኝ። ጋሼ የእህታችንን ጣሪያ ሊያድስላት ሄዷል፤ ሐሙስ ይመለሳል። ሲመለስ እነግረዋለሁ። ምን ይለኛል? "ነግሬህ አልነበረም?" ይላል። ከዚያ ያወጣልኛል። ከዚያ ደግሞ ለዓመት ያህል ጣውላ ባነሣሁ ቁጥር "ለካ" ይለኛል። "ለክተሃል?"

ሰኞ፣ 10

እትዬ አዋላጅ ሳይታሰብ መጡ። ጎረቤታቸውን አስከትለዋል። ፍሬሙን አይተው አደነቁና ፓነሉን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። ቀጭ ቀጭ አለ። "ይሄማ የኔን ጥርስ መሰለ" አሉ። ጎረቤታቸው ሳቀች፤ በያጁም በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። "ገና ነው እትዬ፣ ሲያልቅ ይጠብቃል" አልኳቸው።

"ሐኪሙ የት ሄዶ ነው?"

"እህታችን ጋ።"

"እንግዲህ ሲመጣ እሱ ይይልኝ" አሉና ወጡ። ክፉ ነገር አልተናገሩም። ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም።

ማክሰኞ፣ 11

ተያዘ። አሁን ቢወዘውዙትም ድምፅ የለውም። መሃል ላይ አንድ አንድ ጠብታ ኮላ ነው፤ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ይህን ያህሉ ክልክል አይደለም፤ መሃሉ ቢያዝም ግራና ቀኙ እንደ ልቡ ይከሳል። አባታችንም አንዳንዴ ያደርገው ነበር። ፍሬሞቹን ዘጋኋቸው። ነገ ማጠፊያና ክዳን።

ዓርብ፣ 14

ጋሼ ትናንት ተመልሷል። ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ማዕዘኖቹን በጥፍሩ ዳሰሳቸው፤ ክዳኑን ከፍቶ ዘጋው። "እጅህ ይባረክ" አለኝ። "አባባ ቢያየው ደስ ይለው ነበር።" ጋሼ እንዲህ ያለኝ በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ለሠርጌ የሠራሁትን አልጋ ሲያይ ነው። እነግረዋለሁ ያልኩትን ሳልነግረው ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከምሳ በኋላ ረሳሁት።

አልረሳሁትም።

ሐሙስ፣ 20

ቫርኒሹ ስለደረቀ ሳጥኑን በእጅ ጋሪ ወሰድነው። እትዬ አዋላጅ መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት ቦታ ነው። "ከፀሐይ ትንሽ ራቅ ቢል" አልኩ።

"ምን ይሆናል? ሐኪሙ የመረመረው እንጨት አይደል እንዴ?" አሉ። ጋሼ አፍሮ መሬት መሬት አየ። ሲመሰገን መሄጃ ይጠፋዋል። ያን ጊዜ የሃምሳ ዓመት ሰው መሆኑን ረስቼ አሳዘነኝ። ምኑ እንዳሳዘነኝ አልጽፈውም።

ረቡዕ፣ 3፣ አዲስ ወር

ዝናቡ ካቆመ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ነፋሱ ደረቅ ነው፤ የሰው ሁሉ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። በዝናቡ አብጦ አልዘጋ ብሎን የከረመው የወርክሾፑ በር በአንድ ጣት ይዘጋል።

ከሥራ ስወጣ በእትዬ አዋላጅ በር በኩል ማለፍ ጀምሬያለሁ። መንገዴ አይደለም፤ ግን ሰው ሰላም ማለት ነውር የለውም። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዬ ነው። ዛሬ "ልጄ፣ የቸገረህ ነገር አለ?" ብለው ጠየቁኝ። "ኧረ ምንም" አልኩ። ዓይኔ በትከሻቸው ላይ አልፎ ሳጥኑን እያየ ነበር። ደህና ነው። ምንም አልሆነም።

ኮላው ብዙ አልነበረም። በሁለት ጎን ነው የቀባሁት፤ እሱም በቀጭኑ።

ማክሰኞ፣ 9

ጠዋት ወርክሾፑን ገና ስንከፍት እትዬ አዋላጅ በነጠላ ጫማቸው መጡ። "ሳጥናችሁ ተተኮሰብኝ" አሉ። ሊነጋጋ ሲል ጧ የሚል ድምፅ ሰምተው መስኮት የተሰበረ መስሏቸው ነበር።

ሄድን። ከፊት ካሉት የቀኙ ፓነል መሃል ለመሃል ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ የቢላ ጀርባ ያስገባል። ጋሼ ተንበርክኮ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለው። ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ፊቱ ላይ ያየሁት ግራ መጋባት ነው፤ ቁጣ አልነበረበትም። ቦዩ ውስጥ ልቅ የሆነ ፓነል ቢከሳ ከጠርዙ ይሸሻል እንጂ እንዲህ አይፈነዳም። እሱም ይህን ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ቀና ብሎ አየኝና፣ እትዬ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ኮላ አልነካውም አይደል?" አለኝ።

"አልነካውም" አልኩ።

ይኸው ነው። ከዚህ በፊት ዋሽቼ አላውቅም አልልም፤ ለደንበኛ "ነገ ይደርሳል" ብያለሁ፤ ለባለቤቴ "መንገድ ላይ ነኝ" ብያለሁ። ይሄኛው ግን ከአፌ ሲወጣ ምንም አላደናቀፈኝም፤ እንደተዘጋጀሁበት ሁሉ። ስፈራው የነበረ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ሳላውቀው አዘጋጅቼው ኖሯል።

ጋሼ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ። "እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። "እንጨቱ ውስጡ ሕመም ነበረው። ዛፉ ነፋስ እያጣመመው አድጎ ከሆነ ቢደርቅም እንደተወጠረ ይኖራል። መስማት ነበረብኝ፤ አልሰማሁትም።"

"አንተም ትሳሳታለህ እንዴ?" አሉት። በክፋት አይደለም፤ እውነትም ገርሟቸው ነው።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩ ያወራሁት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ 10

ሁለተኛ ፓነል። የጎኑ። ምሳ ሳይደርስ ተላከብን። ጋሼ "ሰባቱንም እንቀይራለን፤ ሁሉም ከአንድ ዛፍ የወጡ ናቸው" አለ። ምትኩም ከሱቅ በተገዛ እንጨት እንዲሆን አለ፤ ከክምሩ አይነካም። እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። "ፍሬሙን ግን እኔ ልፍታው፣ ውስጡን ማየት እፈልጋለሁ" ሲለኝ ቶሎ ቀደምኩት። "ተወው ጋሼ፣ መገጣጠሙ የኔ ሥራ አይደል?" አልኩት። እሺ አለ። እምቢ ቢለኝ ኖሮ ዛሬ ሁሉም አልቆ ነበር።

ዓርብ፣ 12

ጋሼ እንጨት ሊገዛ እንደወጣ በሩን ዘግቼ ፈታሁት። መፍታት እንኳ አይባልም። በመሮ እየፈለፈልኩ ነው ያወጣኋቸው፤ ፓነሎቹ ከቦዩ አንላቀቅም አሉ።

በአራቱም ጎን ነው። ሰባቱም። ጠብታ ያልኩት ውሸት ነው፤ ሁለት ጎን ያልኩትም ውሸት ነው። ለገዛ ደብተሬ ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም፤ ማን ሊያነበው? ጣቴን ኮላው ውስጥ እየነከርኩ ቦዩን ዙሪያውን ሞላሁ፣ የተረፈውን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ጨርቁን ከመላጊያ ማሽኑ ሥር ደበቅኩት። ጨርቁን የደበቀ ሰው የሚሠራውን አያውቅም ነበር አይባልም።

ስብርባሪውን በጆንያ ቤት ወሰድኩት።

ቅዳሜ፣ 13

ምድጃ ውስጥ ማገድኩት። ውሃ ላሞቅ ነው አልኩ። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች። "ይሄ እንጨት ምን ነክቶት ነው? ኮላ ኮላ ይሸታል" አለች። አናጺ አግብታ አሥራ ሦስት ዓመት የኖረች ሴት ናት። ጭሱን በእጇ አራገበችና እንዲህ አለችኝ፦

"ወንድምህ ትናንት ልጆቹን ሊያይ መጥቶ ነበር። ሻይ አፍልቼለት አልነካውም። ጠረጴዛውን ነበር የሚያንኳኳው፤ ያንን አባታችሁ የሠራውን። 'ይሄኛው ደህና ይመስልሻል?' ብሎ ጠየቀኝ። እኔን።"

ሌላ ሳትጨምር ገባች። የቀረውን ስብርባሪ ማገድኩ። ያ እንጨት እንዴት ጥሩ እንደሚነድ፤ አንዲት ጠብታ እርጥበት የለበትም።

ሐሙስ፣ 18

አዲሶቹ ፓነሎች ተገጠሙ። አሥር በአሥር፣ ልክክ ያሉ፣ ያለ ኮላ። መሥራት አልችል ብዬ አልነበረም ማለት ነው። ሳጥኑ ተመልሷል። እትዬ አዋላጅ ሰው ማማት አይወዱም፤ ግን ሰው ይጠይቃቸዋል፣ እሳቸውም አይዋሹም።

ከሰዓት በኋላ በያጁ በሩ ላይ ለደንበኛው ሲያወራ ሰማሁት። "ሐኪሙ ራሱ ታሟል አሉ።" ተሳሳቁ። ጋሼም እንደሰማ ያወቅሁት ከውስጥ የመዶሻው ድምፅ ስለቆመ ነው። ደሜ ፈላና በያጁን ልሰድበው ወጣሁ። ፊቱ ስቆም "ሰላም ነው?" ብዬው ተመለስኩ።

አዲስ ቁምሳጥን አዝዘውን የነበሩ ባልና ሚስትም ትዕዛዙን ትተውታል። ሴትየዋ በትሕትና ነው ያስረዳችን፤ ትሕትናዋ ጋሼን ገደለው።

ማክሰኞ፣ 23

ጋሼ ሦስት ቀን ሙሉ ጓሮ ነው የዋለው። ክምሩን አንድ በአንድ እያወረደ ያንኳኳል፣ ያዳምጣል፣ ይመልሳል። ዛሬ ጠራኝ።

"ሁሉም ጥሩ ድምፅ ነው የሚሰጡኝ" አለ። "የሳጥኑም ጥሩ ድምፅ ነበረው። እንግዲህ ይሄን ጆሮ ምን ላድርገው?"

ያወረደውን ጣውላ ወደ ክምሩ መለስኩለት።

"ይሄን እንጨት ሰው ቤት አላስገባም። ለኮንክሪት ማፍሰሻ የሚፈልግ ኮንትራክተር አግኝቻለሁ። ነገ ይወስደዋል።"

ለኮንክሪት ማፍሰሻ የሚሆን ጣውላ ይቸነከራል፣ ሲሚንቶ ይጋታል፣ ከዚያ ይጣላል። "አባባ ምን ይል ነበር?" አልኩት። ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።

"አባባም አልሰማውም" አለ። አባታችንን ሲነቅፍ ሰምቼው አላውቅም። እናታችን እንኳ በቁሟ አልሞከረችውም።

"ትንሽ ብንቆይስ?"

"ምን እስኪሆን?"

ይህን ጥያቄ መመለስ የሚችል ሰው በዚያ ጓሮ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። "እንጃ" አልኩ።

ረቡዕ፣ 24

ጫንነው። ሃያ ዘጠኝ ጣውላ። እሱ ከፊት ጫፍ ይይዛል፣ እኔ ከኋላ። እያንዳንዱን ስናነሣ "ይሄን ካስቀመጥን በኋላ እናገራለሁ" እያልኩ ቆጠርኩ። ሃያ ዘጠኝ ጊዜ።

መኪናው ሲሄድ ክምሩ የነበረበት መሬት ነጭ ሆኖ ቀረ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ዝናብ ያልነካው። ጋሼ መጥረጊያ አምጥቶ ጠረገው። ምን እንደሚጠርግ አላየሁም፤ ምንም አልነበረበትም።

ሰኞ፣ 29

የዱቄት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ሆኖ ሥራ አግኝቷል። በሚመጣው ሰኞ ይጀምራል። ጋሼ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት እንጨት ሲያዳምጥ የኖረ ሰው፣ ጆንያ ሊቆጥር ነው። "ወርክሾፑ ያንተ ነው" አለኝ። "እጅህ ጥሩ ነው፤ እንጨቱን ከሱቅ ግዛ፣ ማንም አይወቅስህም።"

ማንም አይወቅስህም አለኝ።

ቤት ስደርስ ለባለቤቴ ነገርኳት። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። "እና እንዲሄድ ልትተወው ነው?"

"ምን ላድርግ?"

አየችኝ። ስለ ምድጃው ከዚያን ቀን ወዲህ አንስታብኝ አታውቅም፤ ዛሬም አላነሣችም። ሳህኑን አንሥታ ማድረቋን ቀጠለች።

ረቡዕ፣ 1

እትዬ አዋላጅ ጋ ሄድኩ። ከሳቸው ልጀምር ብዬ ነው። ሳጥኑ የሳቸው ስለሆነ መጀመሪያ ማወቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው እያልኩ ሄድኩ። እውነቱ ግን እሳቸውን ነግሬ ሲያበቃ ወሬው ራሱ ጋሼ ጋ እንዲደርስልኝ ነበር። እኔ ፊቱን ሳላይ።

ብርድ ልብስ እያጠፉ ሰሙኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መለኪያውን፣ ኮላውን፣ ምድጃውን፣ ክምሩን። ስጨርስ ብርድ ልብሱን ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠው ክዳኑን ዘጉት።

"ለኔ ለምን ትነግረኛለህ?" አሉ። "እኔ የተሰነጠቀብኝ ሳጥን ነው።"

ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

"'አንተም ትሳሳታለህ እንዴ' ብዬ ያሳፈርኩት ሰው እሱ ነው። አንተ እዚህ፣ እዚህ ቦታ ቆመህ እየሰማህ።" በእጃቸው አሳዩኝ፤ መስኮቱ ጋ። ከዚያ በሩን ከፈቱልኝ። "ከኔ አፍ አይሰማም። ሂድ።"

ሐሙስ፣ 2

ነገርኩት።

ጠዋት ነው። መሣሪያዎቹን በጨርቅ ሲጠቀልል ደረስኩ። ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ከመጀመሪያው ስህተቴ ጀምሬ በሥርዓት የማስረዳበት። በሩን ሳልፍ ጠፋኝ።

"ኮላ ነክቶታል" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

መጠቅለሉን አቆመ። "የት ጋ?"

"በአራቱም ጎን።"

"ስንቱ?"

"ሰባቱም።"

"ለምን?"

"ጠርዛቸውን አሳስቼ ይንቀጫቀጡ ነበር። ሌላ ጣውላ ልጠይቅህ አፈርኩ።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ውጭ የበያጁ ብየዳ ሁለት ሦስቴ ጠፍቶ በራ። "ክምሩን ስንጭን ታውቅ ነበር" አለ። ጥያቄ አልነበረም።

"አውቅ ነበር።"

ቢመታኝ ብዬ ተመኘሁ። ልጅ ሆነን አንዴ መሮውን ሰብሬበት መትቶኛል፤ ሲመሽ ታርቀን ነበር። እጁን አላነሣም። የራሱን መዳፍ ገልብጦ እያየ ነው የተናገረው፤ ቃል በቃል ላስቀምጠው፦

"ስንጥቁን እንዳየሁ ኮላ ነው ብዬ ነበር። በልቤ። ለዚህ ነው የጠየቅኩህ። እንጨቱ አንድ ነገር ነገረኝ፤ አንተ ሌላ ነገር ነገርከኝ። ያመንኩት አንተን ነው።"

ከዚያ ወጣ። መሣሪያዎቹ በጨርቁ ላይ እንደተዘረጉ ናቸው። አልነካኋቸውም። ሳለቅስ የዋልኩት እዚያው ነው፤ መጋዙን በከንቱ እያበራሁ፣ በያጁ እንዳይሰማኝ።

ቅዳሜ፣ 4

ጋሼ ትናንት ግንባታው ቦታ ሄዶ ነበር አሉ። ጣውላዎቹ ተቆራርጠዋል፣ ተቸንክረዋል፣ ግማሾቹ ላይ ኮንክሪት ፈሶባቸዋል። አጥሩ ውጭ እስከ ቀትር ቆሞ አይቶ ሄደ።

ይህን የነገረኝ በያጁ ነው። "ሐኪሙ አልታመመም" አልኩት። "ፓነሉን ኮላ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ሲጠይቀኝም ካድኩት። ለጠየቀህ ሁሉ ንገር።" ቀልድ ያጥረዋል ብዬ አልገመትኩም ነበር። የመበየጃ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደረገ ቆመ። "እኔም ስቄበታለሁ" አለ። በሰዓት ውስጥ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ቁምሳጥን የተዉት ባልና ሚስት ጋ ግን ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። ሴትየዋ በትሕትና አዳመጠችኝ። ትሕትናዋ ጋሼን ለምን እንደገደለው አሁን ገባኝ።

ሰኞ፣ 6

ጋሼ መጋዘኑ አልሄደም። እንደ ወትሮው ወርክሾፑ ገባ። "እንዴት አደርክ?" አልኩት። "ደህና" አለ። መሣሪያዎቹን ከጨርቁ አንሥቶ በየቦታቸው ሰቀላቸው። ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ያንን አንድ ቃል ነው።

ለባለቤቴ "አልሄደም" አልኳት። "ለአንተ ብሎ እንዳይመስልህ" አለች። አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ 22

እንጨት መምረጥ ቀጥሏል፤ ከሱቅ ነው። ያንኳኳል፣ ያዳምጣል፣ አንዱን ወስዶ ሦስቱን ይመልሳል። ደንበኞቹም ተመልሰዋል። ስለ ሥራ እናወራለን፤ ይሄን ያዝልኝ፣ ያን አቀብለኝ። ሌላ ወሬ የለንም።

አንድ አዲስ ነገር አለ። ፍሬም ልዘጋ ስል ይመጣል። ኮላ ነክተኸዋል ወይ ብሎ አይጠይቀኝም። እያንዳንዱን ፓነል በመዳፉ ይዞ ቦዩ ውስጥ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከተንቀሳቀሰ ወደ ሥራው ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፊቴ እንደ ፍም ይሆን ነበር። አሁንም አልለመድኩትም። አሁን ግን ሳይመጣ አልዘጋም፤ እጠብቀዋለሁ።

ዛሬ የመጻሕፍት ሳጥን ያዘዘ አንድ አስተማሪ ሥራውን ሊያይ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ መጣ፤ የመጀመሪያውን ፓነል ገፋ፣ ሁለተኛውን ገፋ። "ምንድን ነው የሚያየው?" ብሎ አስተማሪው እኔን ጠየቀኝ። "ለጥራት ነው" የሚለው መልስ አፌ ላይ ነበር፤ ማንም የማይጎዳበት መልስ ነው። ጋሼ እጁን ሦስተኛው ፓነል ላይ እንዳደረገ ቆመ።

"አንድ ጊዜ ኮላ ቀብቼ አልቀባሁም ብዬው ነበር" አልኩ። "ከዚያ ወዲህ በእጁ ነው የሚያየው።"

አስተማሪው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ የሁለታችንንም ፊት ሲያይ ተወው። ጋሼ ሦስተኛውን ገፋውና ወደ አራተኛው ዞረ። እኔም ፍሬሙ እንዳይንሸራተትበት ጫፉን ያዝኩለት።